ብሩሽ አልነሳ ሲል፦ መሃል መንገድ ላይ የቆመ የሚኒያቸር ቅብን እንደገና ማስኬጃ

ጠረጴዛው ላይ 10 ትንንሽ የፕላስቲክ ወታደሮች (ሚኒያቸሮች) ተሰልፈዋል። ጥቁር ፕራይመር (ቀለም እንዲይዝ አስቀድሞ የሚደረግ መነሻ ቀለም) ተነፍቶባቸዋል፤ የሦስቱ ትከሻ ቀልቷል፣ የአንዱ ጠመንጃ የብረት ቀለም ይዟል፣ የቀሩት ላይ አቧራ ተኝቷል። ባለቤታቸው በየቀኑ በአጠገባቸው ያልፋል፣ ያያቸዋል፣ ግን አይቀመጥም። እንደ ዋርሃመር 40,000 ያሉ የጠረጴዛ ጦርነት ጨዋታዎች ሚኒያቸሮቻቸው ሳይገጣጠሙና ሳይቀቡ በሳጥን ስለሚሸጡ፣ ተጫዋቹ ከመጫወቱ በፊት ገጣጣሚም ቀቢም መሆን አለበት። ሥራው ረጅም ነው፤ ልብ የሚከዳውም እዚያው መሃል ላይ ነው።

ይህ ሲሆን ብዙ ሰው ራሱን በስንፍና ይከሳል። ክሱ ልክ አይደለም፣ አይጠቅምምም። ፍላጎት በአብዛኛው የሚጠፋው አንድ የታወቀ የሥራ ደረጃ ላይ ሲደረስ ነው። ያ ደረጃ ከተገኘ መፍትሔው ብዙ ጊዜ ቀላል የእጅ ሥራ ሆኖ ይገኛል። ከታች ያለው አሠራር በቅደም ተከተል ቢኬድበት ይሻላል። የመጀመሪያውን ግን በፍጹም አይዝለሉት።

1. የቆሙበትን ቦታ ይፈልጉ

ያለዎትን ሚኒያቸር ሁሉ አውጥተው ወለል ላይ በአራት ይክፈሉት፦ ከፕላስቲክ ፍሬሙ ያልተቆረጠ፣ ተገጣጥሞ ፕራይመር ያልተነፋበት፣ ፕራይመር ይዞ ቀለም ያልነካው፣ ግማሹ የተቀባ። ከአራቱ ትልቁ ክምር የትኛው እንደሆነ ይዩ። ችግሩ ያለው ከዚያ ክምር ቀጥሎ በሚመጣው ሥራ ላይ ነው።

ትልቁ ክምር ያልተቆረጠው ከሆነ ያደከመዎት ማጽዳቱ ነው። ፕላስቲኩ ሲፈስ ሁለቱ የቅርጽ ማውጫ ብረቶች በተገጠሙበት መስመር ላይ ቀጭን ስፌት ይቀራል። ሁሉንም ስፌት አጸዳለሁ ያለ ሰው ለአንድ ወታደር 15 ደቂቃ ያጠፋል። የራስ ቁሩን አናት፣ የክንዱን ውጫዊ ጎን፣ የጠመንጃውን አፈሙዝና የትከሻውን ጠርዝ ብቻ በቢላዋው ጀርባ ፍቀው ይለፉ። በእግሮቹ መሃልና ከካባው ሥር ያለውን ማንም አያየውም። ይህ ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይበቃዋል። ሌላው እዚህ የሚያስቆም ነገር «ለመቀባት እንዲመች» ብሎ ክንድን፣ ጭንቅላትንና ጠመንጃን ለየብቻ ማስቀመጥ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ የትኛው ክንድ የማን እንደነበር አይታወቅም። ለተራ ወታደር ሁሉንም አጣብቁት፤ ብሩሽ የማይደርስበት ቦታ ዓይንም አይደርስበትም።

ሁለተኛው ክምር ከገዘፈ ጉዳዩ የአየር ጠባይና ቦታ ነው፤ ቁጥር 5 ላይ ይመጣል። ሦስተኛው ከገዘፈ ያልተወሰነ ውሳኔ አለ፦ ሠራዊቱ ምን ዓይነት ቀለም እንደሚለብስ አልቆረጡም ማለት ነው። ለዚህ ቁጥር 4 አለ።

አራተኛው ክምር፣ ግማሹ የተቀባው፣ በጣም የተለመደው ነው። ምክንያቱም ከሦስት አንዱ ነው። ወይ በአንድ ጊዜ ብዙ ጀምረዋል፤ ወይ አቀባቡ ብዙ እርከን አለው፤ ወይ ደግሞ የራስዎን ሥራ በሳጥኑ ላይ ካለው ፎቶ ጋር እያስተያዩ ነው። የሳጥኑ ፎቶ ሥራዬ ብለው ቀለም የሚቀቡ ባለሙያዎች ብዙ ሰዓት የደከሙበት ነው፤ ደግሞም ከእውነተኛው መጠን በብዙ እጥፍ ገዝፎ ነው የሚታየው። 28 ሚሊሜትር የሆነ ወታደር ግን በጨዋታ ጊዜ የሚታየው ከ60 እስከ 90 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ነው። የጨዋታው ደንብ ራሱ ብዙ አይጠይቅም። በ2020 የወጣው 9ኛውና በ2023 የወጣው 10ኛው የዋርሃመር 40,000 እትም ለተቀባ ሠራዊት ከ100 ነጥብ 10 ይሰጣሉ፤ የሚጠይቁትም ዋና ዋና ክፍሎቹ ቀለም እንዲይዙና የእግር መቆሚያው በቀላሉ እንዲጠናቀቅ ብቻ ነው። ዓይን፣ ቁልፍ፣ ጥፍር አልተጠየቀም።

2. ስድስት አስቀርተው ሌላውን ይደብቁ

ከግማሹ ከተቀባው ክምር 5 ወታደሮች ይምረጡ፣ ለማለቅ በጣም የቀረቡትን። አንድ ደግሞ ለሙከራ ይጨምሩ። የቀረውን ክዳን ባለው ካርቶን ከተው ከክፍሉ ያውጡት፤ አልጋ ሥር ሳይሆን ሌላ ክፍል። ይህ ቀላል ቢመስልም ዋናው መድኃኒት እሱ ነው። ዓይን 60 ያልተቀባ ወታደር እያየ እጅ አምስቱን ሊሠራ አይችልም። የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ተጫዋቾች ያልተቀባውን ክምር «የኀፍረት ክምር» ይሉታል፤ ስሙ ራሱ ሐሞት ያፈስሳል፣ አይጠቀሙበት። የተቀመጠ ፕላስቲክ አይበላሽም።

3. ተነጥፎ የሚቆይ ትሪ

ቀለም ለመቀባት 15 ደቂቃ ዕቃ ማውጣትና 10 ደቂቃ መሰብሰብ ከጠየቀ፣ ከሥራ ተመልሶ ማንም አይቀመጥም። የራት ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ሰው 40 በ30 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነ ትሪ ይበቃዋል። ትሪው ላይ የሚኖረው፦ አምስቱ ወታደሮች፣ ከ6 የማይበልጥ ቀለም፣ መካከለኛ (ቁጥር 2) እና ቀጭን (ቁጥር 0) ብሩሽ፣ አንድ ለደረቅ ብሩሽ (ከታች ቁጥር 4 ላይ ለሚመጣው አቀባብ) የሚሆን ክብ የሜካፕ ብሩሽ፣ ሁለት ብርጭቆ ውሃ፣ ሶፍት። ሁለተኛው ብርጭቆ ለብረት ቀለም ብቻ ነው። የብረት ቀለም ውስጥ ያለው ብልጭልጭ ውሃው ውስጥ ይቀርና ቀጥሎ የሚቀባውን ካባ ሁሉ ያበራል። ሲጨርሱ ትሪውን እንዳለ አንስተው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡ።

ወታደሮቹን በእጅ ይዞ መቀባት ጣት ያደክማል፣ የተቀባውንም ይፍቃል። መቆሚያውን ባለ ሁለት ገጽ ፕላስተር አድርገው የመድኃኒት ብልቃጥ ክዳን ላይ ይለጥፉት፤ ብልቃጡ እጀታ ይሆናል። መብራት ከ5,000 እስከ 6,500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) ያለው ነጭ አምፖል ይሁን፣ በማይጽፉበት እጅ በኩል ትንሽ ከፍ ብሎ። ቢጫ አምፖል ሥር የተቀባ ሰማያዊ በማግስቱ በቀን ብርሃን ሌላ ቀለም ሆኖ ሲገኝ ሰው ተስፋ ይቆርጣል።

ቀለም ሳህን ላይ በ10 ደቂቃ እየደረቀ የሚያስቸግር ከሆነ እርጥብ ፓሌት (ቀለም እንዳይደርቅ የሚያደርግ ማደባለቂያ) ይሥሩ። ዝቅ ያለ፣ ክዳኑ የሚገጥም የምሳ ዕቃ ይፈልጉ። ሶፍቱን አራት እጥፍ አድርገው ወለሉ ላይ አንጥፈው፣ ጠጥቶ እስኪያበቃ ውሃ ያፍስሱበት፤ ውሃ ከላይ ከተኛ በዝቷልና ይድፉት። የኬክ መጋገሪያ ወረቀት በልኩ ቆርጠው ሁለት ደቂቃ ሙቅ ውሃ ውስጥ ካቆዩ በኋላ ሶፍቱ ላይ አንጥፈው የገባውን አየር በጣት ገፍተው ያውጡ። ሰም የተቀባ ወረቀትና የአሉሚኒየም ፎይል አይሆኑም፤ ውሃ አያሳልፉም። ክዳኑ ሲዘጋ ቀለሙ ለቀናት ይቆያል፤ ውሃውንና ሶፍቱን ግን በየሳምንቱ ይቀይሩ፣ ይሻግታል። የብረት ቀለም እርጥብ ፓሌት ላይ አይደረግም፤ ለእሱ ደረቅ ሳህን ይጠቀሙ።

ቀለሙን ከአጥሚት የቀጠነ ያድርጉት። እንደ ቫሌሆ ባሉ በጠብታ በሚወጡ ቀለሞች 2 ጠብታ ቀለም ለ1 ጠብታ ውሃ ጥሩ መነሻ ነው። በአውራ ጣት ጥፍር ላይ አንድ ጊዜ ይሳቡት፦ መስመሩ ሳይቆራረጥና ወደ ጎን ሳይፈስ ከቀረ ልክ ነው።

4. አንድ ወታደር፣ አንድ ካርድ

ለሙከራ ያስቀሩትን ወታደር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለብቻው ይቅቡት። ዓላማው አቀባቡን መወሰን ነው እንጂ ማሳመር አይደለም። የተጠቀሙበትን ቀለም ሁሉ በቅደም ተከተል በካርድ ላይ ይጻፉ፤ ስንት ጠብታ ውሃ እንደገባም ጭምር። ከ8 እርከን ከበለጠ ይቀንሱ። ካርዱ ካለ ከሦስት ወር በኋላም ቢመለሱ ያው ቀይ ይገኛል፤ ከሌለ ግን «የትኛው ቡናማ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ሥራውን ሊያስቆም ይችላል።

ለደከመው ሰው የሚስማማው አቀባብ ይህ ነው። ጥቁር ፕራይመር ላይ ግራጫ በደረቅ ብሩሽ ሙሉ በሙሉ ያሹ፤ ከዚያ የዝሆን ጥርስ የመሰለ ነጭ ከላይ ወደ ታች ብቻ፣ አናትና ትከሻ ላይ በርታ አድርገው። በዚህ ላይ ጥላና ብርሃኑን በአንድ ጊዜ የሚያወጣ ቀጭን ቀለም ይደረጋል፦ የሲታደል ኮንትራስት (በ2019 የወጣ) ወይም የአርሚ ፔይንተር ስፒድፔይንት። አንድ ለልብስ፣ አንድ ለቆዳ ቀበቶ፣ አንድ ለገላ። ብረቱን ተራ የብረት ቀለም፣ መቆሚያውን የአፈር ቀለም፣ አበቃ። እጅ ሲፈታ አንድ ወታደር ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይጨርሳል። ስፒድፔይንት ከገዙ በ2023 የወጣው ሁለተኛው ስሪት መሆኑን ይመልከቱ፤ የመጀመሪያው ከደረቀ በኋላም ሌላ እርጥብ ቀለም ሲነካው እየተነሳ ይቀላቀል ነበር።

ደረቅ ብሩሽ ስሙ እንደሚለው ነው። ብሩሹን ቀለም ነክረው ካርቶን ላይ ይጥረጉት፤ ከዚያ የአውራ ጣትዎ ጀርባ ላይ በቀላሉ ያሹት። የቆዳው መስመር ጫፍ ብቻ ከነጣ ዝግጁ ነው። ቆዳው ጠቅላላ ከነጣ ቀለም በዝቷል፣ ጭረት ከታየ ብሩሹ ውሃ አለው።

ነጭ ልብስ ለብቻው መነገር አለበት፣ ብዙ ሰው የሚተወው እዚያ ላይ ነውና። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተካሄደውን የአድዋ ጦርነት በ28 ሚሊሜትር ለመሥራት የተነሳ ሰው በመቶ የሚቆጠር ነጭ ሸማ ይጠብቀዋል። በጥቁር ፕራይመር ላይ ነጭ መደራረብ 5 ዙር ይፈጃል፣ በመጨረሻም ኖራ የተለሰነ ግድግዳ ይመስላል። ለሸማ ፕራይመሩ ራሱ ፈካ ያለ ግራጫ ወይም የአጥንት ቀለም ይሁን። 1 ጠብታ ቡናማ ዋሽ (በጣም የቀጠነ የጥላ ቀለም) በ2 ጠብታ ማት ሚዲየም (ቀለም የሌለው፣ የማያብረቀርቅ ማቅጠኛ) አቅጥነው እጥፋቱ ውስጥ ብቻ ያስገቡ። ሲደርቅ የእጥፋቱን ጀርባ በዝሆን ጥርስ ቀለም ይመልሱ። ንጹሕ ነጭ የሚነካው ትከሻና ራስ ላይ የወደቀውን ጠርዝ ብቻ ነው። የጃኖውን ቀይ ጥለት በቁጥር 0 ብሩሽ አንድ ጊዜ ይሳቡ፤ ከተንጋደደ ቀዩን አይነካኩት፣ ጠርዙን በዝሆን ጥርሱ ቀለም ቆርጠው ያስተካክሉ። ከርቀት የሚታየው ጥለቱ ነው፤ ዓይን እሱን ሲያገኝ ሌላውን ይቅር ይላል።

5. ፕራይመርና የአየር ጠባይ

ስፕሬዩን 2 ደቂቃ ሙሉ ያናውጡ፣ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ርቀው፣ መርጨቱን ከወታደሩ ውጭ ጀምረው አሳልፈው ውጭ ይጨርሱ። ከቤት ውጭ ወይም ነፋስ በሚወጣበት ቦታ፣ አፍንጫን ሸፍኖ። ሙቀቱ ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን መልካም ነው።

ዱባይ ወይም ሪያድ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ሲያልፍ ቀለሙ አየር ላይ ደርቆ አሸዋ ሆኖ ያርፋል። ስፕሬዩን ቤት ውስጥ አቆይተው ንጋት ላይ ቢረጩ ይሻላል። አዲስ አበባ በሐምሌና ነሐሴ ደግሞ እርጥበቱ ገጽታውን ጭጋጋማ ያደርገዋል። ለሁለቱም ዓይነት አየር በብሩሽ የሚቀባ ፕራይመር ይመከራል፦ ሁለት ቀጭን ዙር፣ ከዚያ 24 ሰዓት። ቶሎ ከተነካ እንደ ላስቲክ ይላጣል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ስፕሬይ እንዲያመጣ አይጠይቁ፤ ተቀጣጣይ የቀለም ስፕሬይ በተጓዥ ሻንጣ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም። በውሃ የሚቀጥነው አክሪሊክ ቀለም ተቀጣጣይ ስላልሆነ በሻንጣ ለማስመጣት የሚሻለው እሱ ነው።

6. በአምስት በአምስት

አንድ እርከን ለአንድ ወታደር 4 ደቂቃ ይወስዳል እንበል። 20 ወታደር ከደረደሩ አንድ እርከን 80 ደቂቃ ይፈጃል፤ ያን ሁሉ ቆይተው የተለወጠው ቀበቶው ብቻ ነው። በአምስት ቢሆን ያው እርከን በ20 ደቂቃ ያልቃል፣ 8ቱም እርከኖች 160 ደቂቃ ናቸውና በ25 ደቂቃ ቁጭታ በ7 ጊዜ አምስቱ ያልቃሉ። የሚያስቀጥለው ያለቀ ነገር ማየት ነው። ከ10 በላይ በአንድ ላይ መጀመር የሚያዋጣው 6 ወይም 15 ሚሊሜትር ለሆኑ ደቃቅ ወታደሮች ብቻ ነው።

ሰዓት ለ25 ደቂቃ ይሙሉ። ሲደወል፣ ቢጥምዎትም፣ ያቁሙ፤ የሚያቆሙት ግን እርከኑ ሲያልቅ ሳይሆን አራተኛው ወታደር አልቆ አምስተኛው ሲቀር ይሁን። በማግስቱ ምን ልሥራ ሳይሉ ተቀምጠው ያን አንዱን ይጨርሳሉ፣ እጅም በዚያው ይቀጥላል። በጣም በደከሙበት ቀን የመቆሚያውን ጠርዝ ጥቁር መቀባት ይበቃል። አምስቱ ሲያልቁ በዚያው ሳምንት ጨዋታ ላይ ያውጧቸው፤ እንደ ኪል ቲም ያሉ ጥቂት ወታደር የሚበቃቸው ጨዋታዎች ለዚህ ይመቻሉ።

7. እጅን የሚያስሩ ብልሽቶች

ዋሽ ሲደርቅ እንደ ቡና ነጠብጣብ ክብ ጠርዝ ይተዋል። ይህ የሚሆነው ግማሽ በደረቀ ጊዜ ሲነካካ ወይም ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ሲጠራቀም ነው። እርጥብ እያለ በደረቅ ብሩሽ ጫፍ ትርፉን ምጠጡ፤ 30 ደቂቃ አይንኩት። ደርቆ ከተገኘ በመነሻው ቀለም ይሸፍኑት፣ አይፈግፍጉት።

የብሩሽ ጫፍ ሁለት ከሆነ ቀለም ጠጉሩን የያዘው ብረት ውስጥ ገብቶ ደርቋል። ከጠጉሩ ከግማሽ በላይ አይንከሩ፤ ሲጨርሱ በብሩሽ ሳሙና አጥበው፣ ጫፉን በጣት አሹለው ያጋድሙት። የሰው ሠራሽ ጠጉር ጫፍ ጊዜ ሲያልፍ ይቆለመማል፤ ያንን ለደረቅ ብሩሽና ለመቆሚያ ያዙሩት።

እጅ ከተንቀጠቀጠ ሁለቱን ክርኖች ጠረጴዛ ላይ፣ ሁለቱን መዳፎች እርስ በርስ አስደግፉ። ሁለቱ እጆች አብረው ሲንቀሳቀሱ ብሩሹና ወታደሩ አብረው ይሄዳሉ።

ማት ቫርኒሽ (በመጨረሻ የሚደረግ የማያብረቀርቅ መከላከያ ሽፋን) ነጭ ብናኝ የመሰለ ነገር ከጣለ ወይ እርጥበት ነበር ወይ በዝቶ ተረጭቷል። ብዙ ጊዜ አንጸባራቂ ቫርኒሽ በብሩሽ በስሱ ሲቀባበት ይጠፋል፤ ከደረቀ በኋላ ማት በብሩሽ ይደገምበታል። ጨርሰው ያበቁትን 10 ወታደር በመጨረሻዋ ደቂቃ ማበላሸት ከምንም በላይ ሰውን ተስፋ ስለሚያስቆርጥ፣ ቫርኒሹን አስቀድመው በማይፈለግ አንድ ወታደር ላይ ይሞክሩት።

አሮጌ ሥራዎን አጥበው እንደገና ልቅባ አይበሉ። ያለቀውን ወደ ክምሩ መመለስ ነው።

8. አሁንም ካልሆነ

ሦስት ሳምንት በዚህ ሄደው እጅ እምቢ ካለ ሠራዊቱን ትተው አንድ ከእሱ ጋር የማይገናኝ ነገር ይሥሩ፦ አንድ ፈረሰኛ፣ አንድ ፍርስራሽ ቤት፣ ጠቅላላ ሌላ ቀለም። የደከመው ዓይን ሊሆን ይችላል፤ 40 ሰማያዊ የትከሻ ጋሻ ማንንም ያደክማል። ቀለሙ ራሱ ካስጠላዎት ግን የቀሩትን በሌላ ቀለም ይቀጥሉ፣ የመጀመሪያዎቹን እንዳሉ ይተዉ።

ማቆምም ይቻላል፣ በሥርዓት ከሆነ። የቀለሞቹን አፍ ጠርገው በደንብ ይክደኑ፤ በጠብታ የሚወጡትን ጫፋቸው እንዳይደፈን በመርፌ ከፍተው ቀጥ አድርገው ያቁሙ። እርጥብ ፓሌቱን አድርቀው ያስቀምጡ። ብሩሾቹን ያጥቡ። ሊሸጡት ያሰቡት ካለ ያልተቆረጠውን ከነሳጥኑ ለይተው ያውጡ፤ ከተገጣጠመው የተሻለ ዋጋ ያወጣል። አምስቱን ወታደሮች ክዳን ባለው ዕቃ ከተው፣ ካርዱን ከነሱ ጋር ያኑሩ፤ ካርዱ ላይ «ቀጣዩ፦ የአምስተኛው ቀበቶ፣ ቡናማ፣ 1 ጠብታ ውሃ» ብለው ይጻፉበት።